መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ የሚለካው ምንድን ነው? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ

ሰኞ ጁላይ 8 ቀን 2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕዝቡ ወደ ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ ሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ 84 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ተለካ። በአካባቢው ወሩን ሙሉ ከሚጠበቀው ዝናብ ብዙም የማያንስ ውሃ ነው። በዋሽንግተን ካናል ሮድ ላይ አሽከርካሪዎች ውሃ ከከበበው መኪናቸው በነፍስ አድን ሠራተኞች እየተጎተቱ ወጡ፤ ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከፖቶማክ ወንዝ ራቅ ባሉ ሰፈሮች ጎዳናው ጅረት ሆነ። በጁላይና በሴፕቴምበር 2020፣ ከዚያም በኦገስት 2021 ከተማዋ በተመሳሳይ ድንገተኛ ዝናብ ደጋግማ ተመታች። ከ2019 ወዲህ በዋሽንግተን ዙሪያ በየምክር ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፤ ውሃው የት ይደርሳል፣ መንገዱ ሲዘጋ የመንገድ መረቡ ምን ያጣል፣ ደግሞስ የሚቆረጠው ማን ነው? የመስኩ ጥናት በመጀመሪያው ላይ እጅግ ተራቅቋል፤ በሁለተኛው ላይ ጥሩ እርምጃ ተራምዷል። ሦስተኛውን ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ምዕራፍ ጠቅሶት ያልፋል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው።

ከድልድይ ቆጠራ የተነሳ ሳይንስ

አሜሪካ መንገዶቿን በአደጋ ዓይን መመርመር የጀመረችው በጎርፍ ምክንያት አልነበረም። በዲሴምበር 1967 ኦሃዮንና ዌስት ቨርጂኒያን የሚያገናኘው ሲልቨር ብሪጅ በብረቱ ስንጥቅ ምክንያት ፈርሶ 46 ሰው ሞተ። በ1971 ብሔራዊ የድልድይ ፍተሻ ደንብ ወጣ፤ በአገሪቱ ያሉ ድልድዮችም በአንድ መዝገብ መቆጠር ጀመሩ። ውሃ ወደ መዝገቡ ዘልቆ የገባው በኤፕሪል 1987 ነው፤ ኒውዮርክ ውስጥ ስኮሃሪ ክሪክ የተባለው ጅረት በጎርፍ ሞልቶ የአውራ ጎዳና ድልድይ እግሮችን ሥር ሸረሸረና ድልድዩ ከነመኪናው ወደቀ፤ አሥር ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚሻገር እያንዳንዱ ድልድይ መሠረቱ በውሃ ስለመሸርሸሩ እንዲመረመር ተደረገ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም የብዙ ጥናት መነሻ መረጃ ከዚያ የሚቀዳ ነው። አንድ ጉድለት ግን ከጅምሩ ይዞ መጥቷል። መዝገቡ የሚይዘው ርዝመቱ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከስድስት ሜትር በላይ የሆነውን ብቻ ነው። ከመንገድ ሥር ጅረት የሚያሳልፉት ትንንሽ ቱቦዎችና ካልቨርቶች ከብሔራዊው ቆጠራ ውጭ ናቸው። ድንገተኛ ዝናብ ሲጥል ግን በቅጠልና በግንድ ተደፍነው መንገዱን ኩሬ የሚያደርጉት በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው።

በሌላ በኩል በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም የጎርፍ ካርታ ይዞ መጣ። የካርታው ዓላማ ቤት ለሚገዛና ለሚያበድር ሰው የመድን ግዴታን መወሰን እንጂ የመንገድ ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም ሌላ ካርታ ስላልነበረ መንገድ የሚያጠኑ ሁሉ ተበደሩት። ሦስተኛው ምንጭ ከሩቅ የመጣ ነው። በጃንዋሪ 1995 የጃፓኗን ኮቤ ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ አውራ መንገድ ሲወድቅ ሙሉ ከተማ እንዴት ሽባ እንደሚሆን አሳየ፤ የትራፊክ ተመራማሪዎችም ከነጠላ ድልድይ ወደ መላው መረብ ዓይናቸውን አዞሩ። በ2002 ስዊድናዊቷ ካትያ ቤርዲካ የመንገድ ተጎጂነት የሚለውን ሐሳብ በሥርዓት አስቀመጠች፤ ዋናው ቁም ነገር መንገዱ መፍረሱ ሳይሆን የሚሰጠው አገልግሎት መቀነሱ ነው አለች። በ2006 እነ የኔሊየስ የሰሜን ስዊድንን መንገዶች ይዘው አንድ ወሳኝ ልዩነት አሰመሩ፤ የአንድ መንገድ መቋረጥ በመረቡ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ቀበሌ ነዋሪ በመቋረጡ የሚደርስበት ጉዳት ሌላ ነው። በዚያው ዓመት አውስትራሊያዊው ቴይለርና ባልደረቦቹ ሰው ወደሚፈልገው ቦታ መድረስ አለመቻሉን መለኪያ አደረጉ። ሦስቱ ምንጮች፣ የድልድዩ መዝገብ፣ የመድኑ ካርታና የመረቡ ሒሳብ፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዋሐዱም።

ውሃው የት ይደርሳል?

በዋሽንግተን አካባቢ መንገድ የሚያጥለቀልቀው ውሃ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም የተለያየ ጠባይ አላቸው። አንደኛው የወንዝ ሙላት ነው። በጁን 1972 አግነስ የተባለው ማዕበል ሲያልፍ አሌክሳንድሪያንና አርሊንግተንን የሚለየው ፎር ማይል ራን ገንፍሎ አርላንድሪያ የሚባለውን ሰፈር አጥለቀለቀ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምሕንድስና ጓድ ወንዙን በተገነባ ቦይ አስገባው። ሁለተኛው ከባሕር የሚመጣው ነው። ፖቶማክ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ከባሕሩ ጋር አብሮ የሚሞላና የሚጎድል ወንዝ ነው፤ በሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል የተባለው ማዕበል ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ የአሌክሳንድሪያን ኪንግ ስትሪት በጀልባ የሚሄዱበት አደረገው። ሦስተኛው ከወንዝም ከባሕርም ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ከሰማይ ወርዶ ቱቦው ሊውጠው ያልቻለ ዝናብ ነው።

የፌደራሉ የጎርፍ ካርታ የሚያሳየው ሁለቱን ፊተኞች ነው። ሦስተኛውን አያሳይም። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስኩዌር ማይል ያነሰ ተፋሰስ ያላቸውን ጅረቶችም አይጨምርም። ስለዚህ በ2019ና ከዚያ በኋላ በአሌክሳንድሪያ በዴል ሬይና በሮዝሞንት ሰፈሮች የደረሰውን የጎዳና ጎርፍ በካርታው ላይ የፈለገ ሰው አብዛኛውን አያገኘውም። ሁፍስ ራን የሚባለው ጅረት በእነዚህ ሰፈሮች ሥር ተቀብሮ ካልቨርት ሆኗል፤ ከመሬት በታች ስለሄደ ጅረት መሆኑ ተረስቷል እንጂ ዝናብ ሲጥል ውሃው መሄጃውን አልረሳም። ካርታውን እንደ ብቸኛ ማስረጃ የሚወስድ የመንገድ ጥናት ስለዚህ የሚሳሳተው በጥቂቱ አይደለም፤ በጣም የሚደጋገመውን የጎርፍ ዓይነት ጭራሽ አያየውም።

ሦስቱ ውሃዎች ተለያይተው የሚመጡ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይቀል ነበር። በአሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን ኪንግ ስትሪት ከዩኒየን ስትሪት ጋር በሚገናኝበት ጥግ ያለውን እንመልከት። ሰማዩ ጠርቶ እያለ እንኳ ፖቶማክ ሲሞላ ውሃው ዝናብ እንዲያስወጣ በተቀበረው ቱቦ ወደ ኋላ ይመለስና በመንገዱ ዳር ካለው የብረት ፍርግርግ ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦው የተሠራበት ሥራ ተገልብጧል። በዚያው ሰዓት ዝናብ ቢጥል ደግሞ የቱቦው አፍ በወንዙ ተዘግቷልና መሄጃ የለውም። ዋሽንግተን ላይ የውሃውን ከፍታ ከ1924 ጀምሮ የሚመዘግበው መለኪያ እስካሁን ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ጭማሪ አሳይቷል፤ ከፊሉ የባሕሩ መነሣት ነው፤ ከፊሉ የምድሩ መስመጥ። ስለዚህ ዝናቡን ለብቻ፣ ሙላቱን ለብቻ ያሰላ ጥናት ሁለቱንም በትክክል አስልቶ መንገዱ የሚዘጋበትን ቀን ሊስት ይችላል።

የመሬቱ ቅርጽ መረጃም የራሱ ወጥመድ አለው። ዛሬ አብዛኛው ጥናት የሚቆመው ከአውሮፕላን በሚላክ የጨረር ልኬት፣ ላይዳር በሚባለው፣ በተሠራ የከፍታ ካርታ ላይ ነው። ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኮልስቪል ሮድ በሜትሮ ጣቢያው አጠገብ፣ ጆርጂያ አቬኑ ደግሞ ከዚያ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ያልፋሉ። ጨረሩ የሚያርፈው በሐዲዱ ድልድይ ላይ ስለሆነ ካልታረመ በስተቀር ኮምፒውተሩ የሚያየው መንገድ ሳይሆን ግድብ ነው፤ ከግድቡ ጀርባም ጥልቅ ኩሬ ይሥላል። ድልድዩ ከመረጃው ሲሰረዝ ተቃራኒው ይመጣል፤ ስሊጎ ክሪክን በድልድይ የሚሻገረው መንገድ ወንዙ ውስጥ የገባ ይመስላል። ኩሬው በእርግጥ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ከአስፋልቱ ሥር ያለው ቱቦ ስፋትና ጽዳት ነው፤ እሱ ደግሞ ከአውሮፕላን አይታይም። የዝቅተኛ ማለፊያዎች አደጋ የሐሳብ ብቻ አለመሆኑን በዋሽንግተን ከተማ ሮድ አይላንድ አቬኑ አሳይቷል፤ ለዓመታት እየተጥለቀለቀ በኦገስት 2023 እንኳ ደግሞ ተጥለቅልቋል። በተከታዩ ወር አገልግሎት የጀመረው ትልቁ የሰሜን ምሥራቅ ዋሻ ቱቦ የተቆፈረው ለእንዲህ ያለው አካባቢ ነው።

የመቶ ዓመት ጎርፍ በመረብ ውስጥ

በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ አንድ ከመቶ የሆነ ጎርፍ የመቶ ዓመት ጎርፍ ይባላል። አባባሉ የሚያሳስት መሆኑ ደጋግሞ ተነግሯል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 26 ከመቶ ገደማ ነው። ብዙም የማይነገረው ግን ይኸው መለኪያ ከነጠላ ቦታ ወደ መረብ ሲሻገር የሚሆነው ነው። አንድ ሰፈር መቶ የጅረት መሻገሪያ አለው እንበል፤ እያንዳንዱም በዓመት አንድ ከመቶ ዕድል ብቻ እንዲጥለቀለቅ ተደርጎ በጥንቃቄ ተሠርቷል። ጎርፉ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚመታ ቢሆን ኖሮ በማንኛውም ዓመት ቢያንስ አንዱ የመዘጋቱ ዕድል 63 ከመቶ ይሆናል። በእውነቱ አንድ ደመና ብዙ መሻገሪያዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚመታ ዕድሉ ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም መጥፎ ዜናው በሌላ በኩል ይመጣል፤ የተዘጋው አንድ ብቻ አይሆንም፤ ተለዋጭ መንገዱም አብሮ ይዘጋል። መሐንዲሱ ስለ ድልድዩ የሰጠው ተስፋ ትክክል ነው። ነዋሪው ግን ከቤቱ እስከ ሥራው የሚያልፈው በአንድ ድልድይ ብቻ አይደለም።

ይህ ነጥብ መረቡ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ አንጎዳም ለሚለው ተደጋጋሚ መከራከሪያ መልስ ይሰጣል። መከራከሪያው ባዶ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ በአንድ መስመር ይሻገራል፤ ያ መስመር በዝናብ ሲንሸራተት ከባድ መኪና የሚዞርበት ቅርብ መንገድ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ግን አንዱ ጎዳና ቢዘጋ በሌላው ይሄዳል። ይህ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ነገር ግን የቦታውን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። ሮክ ክሪክ፣ ስሊጎ ክሪክና ኖርዝዌስት ብራንች ሁሉም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ጆርጂያ አቬኑን የመሰሉ አሮጌ መንገዶች በሸንተረሩ ላይ ስለሚሄዱ ብዙም አይነኩም። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሁሉ ግን፣ በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድም ሆነ በኢስት ዌስት ሃይዌይ ወይም በፓይኒ ብራንች ሮድ፣ ሸለቆ መሻገር ግድ ይለዋል። ከላንግሊ ፓርክ ተነሥቶ ቤተስዳ ለሚሠራ ሰው ተለዋጭ መንገዶቹ ስማቸው ይለያይ እንጂ የሚሻገሩት ያንኑ ውሃ ነው። ሸለቆውን ተከትለው የተሠሩት ስሊጎ ክሪክ ፓርክዌይና ቢች ድራይቭ በዝናብ ጊዜ ሲዘጉ ደግሞ የነሱ መኪና በነዚሁ ጥቂት መሻገሪያዎች ላይ ይጨመራል።

መለኪያው ራሱ የሚያከራክር

መረቡ የሚያጣውን ለመገመት ሁለት ጎራዎች አሉ። አንደኛው መረቡን እንደ ነጥብና መስመር ወስዶ አንድ መስመር ሲቆረጥ አጭሩ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ያሰላል። ጥቅሙ ብዙ መረጃ አለመፈለጉ ነው፤ የመንገድ ካርታ ይበቃዋል። ጉድለቱ ባዶ መንገድና የተጨናነቀ መንገድ እኩል መቁጠሩ ነው። ሁለተኛው ጎራ የሰዉን ጉዞ፣ የመኪናውን ብዛትና የሚፈጠረውን መጨናነቅ ጨምሮ ያሰላል፤ ለእውነት ይቀርባል፤ ነገር ግን ሰዎች በጎርፍ ቀን የሚያደርጉትን ከተለመደው ቀን ጠባያቸው መገመት ይኖርበታል። በዚህ መካከል በ2017 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኒውካስል ላይ የሞከሩት ጠቃሚ ድልድይ አለ፤ የውሃው ጥልቀት በጨመረ ቁጥር የመኪናው ፍጥነት እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ መስመር ሠሩ፤ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መንገዱ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ከዚያ በፊት አብዛኛው ጥናት መንገዱን ወይ ክፍት ወይ ዝግ አድርጎ ነበር የሚያየው።

ይህ ቁጥር በአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት ከሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ጋር ይገጥማል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪናን ይወስዳል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። በአገሪቱ በጎርፍ ሰጥመው ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኪና ወደ ውሃ ሲነዱ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ሞዴሉ መንገዱ ተዘጋ ባለበት ጥልቀት ሁሉም አሽከርካሪ ይመለሳል ብሎ ያስባል። በእውነት ብዙው አይመለስም፤ በተለይ በሌሊት የውሃውን ጥልቀት ማየት የማይችል፣ ወይም ቢዘገይ ከሥራው የሚባረር ሰው። ስለዚህ በመጓጓዣ ሰዓት ብክነት ብቻ የሚለካ ጥናት ዋናውን ኪሳራ፣ ነፍስን፣ በሒሳቡ ውስጥ አያስገባም።

ትልልቆቹ ቁጥሮችም በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። በ2018 ጄኒፈር ጄኮብስና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከ7,500 ማይል በላይ መንገድ በባሕር ሙላት ብቻ ለሚመጣ ተራ ጎርፍ የተጋለጠ መሆኑን፣ በዓመትም ከ100 ሚሊዮን በላይ የመኪና ሰዓት እንደሚባክን ገመቱ። በ2019 እነ ኮክስ መላውን ዓለም ይዘው ከመንገድና ከባቡር ሀብት 27 ከመቶው ቢያንስ ለአንድ የተፈጥሮ አደጋ የተጋለጠ መሆኑን፣ በየዓመቱ የሚጠበቀው ቀጥተኛ ጉዳት ከ3.1 እስከ 22 ቢሊዮን ዶላር መሆኑን፣ ከዚህም 73 ከመቶው ከጎርፍ የሚመጣ መሆኑን ጻፉ። የታችኛውና የላይኛው ግምት በሰባት እጥፍ መለያየቱ የተመራማሪዎቹ ድክመት አይደለም፤ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ውሃ ሲነካው ምን ያህል እንደሚጎዳ ያለን እውቀት ገና ሰፊ ክፍተት እንዳለው በግልጽ ያሳያል። ሁለቱ ጥናቶች ደግሞ የለኩት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱ የባከነ ሰዓት፣ ሌላው የፈረሰ አስፋልት። በውይይት ላይ ጎን ለጎን ሲጠቀሱ ግን አንድ ነገር የተለካ ይመስላል።

የሚቆረጠው ማን ነው?

የፌደራል አውራ ጎዳናዎች አስተዳደር በ2012 ያወጣውና በ2017 በሦስተኛ እትም ያሻሻለው የግምገማ ማዕቀፍ ተጎጂነትን በሦስት ነገር ይከፍላል፤ መንገዱ ውሃው በሚደርስበት ቦታ መሆኑ፣ ውሃው ሲደርስ መጎዳቱ፣ ጉዳቱን የመቋቋምና የመተካት አቅሙ። ከዚህ ጎን የመንገዱ ወሳኝነት ይመዘናል። ወሳኝነቱ ብዙ ጊዜ የሚለካው በቀን በሚያልፈው የመኪና ብዛት ነው። በዚህ መለኪያ ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ፣ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል፤ ወደ አፓርታማ ግቢ የሚያስገባ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ሁልጊዜ መጨረሻ።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል የሚኖረውን የእኛን የኢትዮጵያውያንን ኅብረተሰብ የሥራ ሰዓት ያየ ሰው መለኪያው የሚስተውን ወዲያው ያያል። ታክሲ የሚነዳ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ የሆነ፣ አረጋዊ ቤት ሄዶ የሚንከባከብ ሰው በብዛት የሚንቀሳቀሰው የቀን ትራፊክ ቆጠራው በሚቀንስበት ሰዓት ነው። አውቶቡስ የሚጠቀመው ደግሞ መኪና እንዳለው ሰው በሌላ ጎዳና ልዙር ማለት አይችልም፤ የአውቶቡሱ መስመር ከተቆረጠ መንገዱ ለእሱ ተቆርጧል፤ ሌላ ጎዳና ክፍት መሆኑ አይረባውም። አንድ አውቶቡስ በትራፊክ ቆጠራ አንድ መኪና ሆኖ መቆጠሩ የሂሳብ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ነው። ለዚህ ነው ጥናቱ መነሻውን ከሰው ማድረግ አለበት የምለው። በመጀመሪያ ከዚህ ሰፈር በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ፎረስት ግሌን ወዳለው ሆሊ ክሮስ ሆስፒታል ወይም ሴሚናሪ ሮድ ወዳለው የአሌክሳንድሪያ ሆስፒታል በስንት መንገድ ይደረሳል ብሎ መጠየቅ፤ ከዚያ ከነዚህ መንገዶች ስንቶቹ በአንድ ዝናብ አብረው ይዘጋሉ ማለት፤ በመጨረሻ የትኛው ቱቦ ቢሰፋ ይህ ይለወጣል ማለት። የሚያስፈልገው መረጃ ያው ነው። የሚለወጠው ቅደም ተከተሉና ደረጃ ማውጫው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቁም ነገር ያላቸውም ናቸው። አንደኛው ማንን ማስቀደም የምሕንድስና ሳይሆን የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ መሐንዲሱ ወደዚያ ባይገባ ይሻላል የሚል ነው። ነገር ግን በመኪና ብዛት መመዘንም ምርጫ ነው፤ ብዙ የሚነዳውን ማስቀደም ነው። በሚድን ንብረት ዋጋ መመዘን፣ የጦሩ ምሕንድስና ጓድ በጎርፍ መከላከያ ጥናቶቹ ሲያደርግ እንደኖረው፣ ውድ ቤት ያለበትን ሰፈር ማስቀደም ነው። ምርጫው ቀድሞም ተደርጓል፤ ልዩነቱ ተጽፎ ለክርክር መቅረቡ ወይም በቀመር ውስጥ መደበቁ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ጎርፉ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይቆያል የሚል ነው። ለዕቃ ጫኝ መኪና ይህ እውነት ነው። ለአምቡላንስ ግን የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ለኩላሊት እጥበት ቀጠሮ ላለው ሰውም የጥቂት ሰዓት መዘግየት ቀላል አይደለም። ሦስተኛውና ከባዱ የገንዘብ ነው፤ ጥናት ከማብዛት ቱቦ ማስፋት ይሻላል የሚለው። አሌክሳንድሪያ በ2018 የጀመረችውን የዝናብ ውሃ ክፍያ በ2021 ለአንድ የክፍያ መለኪያ አሃድ በዓመት ከ140 ወደ 280 ዶላር እጥፍ አድርጋለች፤ በኮመንዌልዝ አቬኑና ኢስት ግሌብ ሮድ፣ በአሽቢ ስትሪት፣ በሁፍስ ራን ካልቨርት ላይ ትልልቅ ሥራዎችን አቅዳለች። ቢሆንም እነዚህ ሥራዎች ዓመታት ይፈጃሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠራም። አንዱ ከሌላው መቅደሙ ግድ ስለሆነ የሚያስቀድመው መለኪያ ትክክል መሆኑ ገንዘቡ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ያስፈልጋል።

መንገዱ የማን ነው?

የዋሽንግተን አካባቢን ጥናት በተለይ የሚያከብደው ውሃው አንድ ሆኖ ባለቤቱ ብዙ መሆኑ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም፤ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ናት። ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ናቸው፤ የሰፈር ውስጥ መንገዱ የካውንቲው ነው፤ ስሊጎ ክሪክ ፓርክዌይ የፓርኮች ኮሚሽን ነው፤ ጥቂት ወረድ ሲሉ ታኮማ ፓርክ የራሷን መንገድ የምታስተዳድር ከተማ ናት። ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ሕጉ ራሱ ይለወጣል። ቨርጂኒያ ከ1932 ጀምሮ የአብዛኞቹን ካውንቲዎች መንገድ በክፍለ ግዛቱ ሥር አድርጋለች፤ አርሊንግተንና እንደ አሌክሳንድሪያ ያሉ ከተሞች ግን የራሳቸውን ይጠብቃሉ። በኦልድ ታውን መካከል የሚያልፈው የጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ ፓርክዌይ ከከተማዋ ወጣ ሲል የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን መንገድ በራሱ መመዘኛ ገምግሞ በራሱ ዝርዝር ያስቀምጣል። አንድ መንገድ ለባለቤቱ ሁለተኛ ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤቱ መንገድ በተዘጋ ቀን ግን ብቸኛው ማምለጫ እሱ ይሆናል። ይህን የሚያየው ድንበሩን ተሻግሮ የሚሄደው ሰው እንጂ ዝርዝሩን የያዘው መሥሪያ ቤት አይደለም።

ክፍለ ግዛቶቹ ሥራ አልፈቱም። የሜሪላንድ አውራ ጎዳና አስተዳደር በፌደራሉ የሙከራ ፕሮግራም አን አረንደልንና ሶመርሴት ካውንቲዎችን አጥንቷል። ሁለቱም ከባሕር የሚዋሰኑ ናቸው፤ ምርጫው ለባሕሩ ጎርፍ ተገቢ ነበር፤ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በዝናብ የሚጎዳ መሐል አገር ግን በዚያ አልተካተተም። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መንገድን ከአደጋ ለመጠበቅ ወደ 8.7 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ የመቋቋሚያ ዕቅድ ያለው አካባቢ ከኪሱ የሚያዋጣው ድርሻ እንዲቀንስለትም አደረገ። የዋሽንግተን አካባቢ የትራንስፖርት ዕቅድ ቦርድ በ2024 ያጸደቀው አካባቢያዊ ዕቅድ የዚህ ውጤት ነው፤ ድንበር ተሻግሮ የሚያይ ሰነድ በመሆኑም ዋጋው ትልቅ ነው። ቦርዱ ግን መንገድ የለውም፤ ቱቦም አይቀይርም። ፕሮጀክት የሚያቀርቡት ያው ባለቤቶቹ ናቸው። ቬርሞንት በ2011 በአይሪን ማዕበል 13 መንደሮቿ ከዓለም ከተቆረጡ በኋላ ወንዙን እንጂ የአስተዳደር ድንበሩን ያልተከተለ መገምገሚያ ሠርታ እያንዳንዱን መንገድና ቱቦ በተጎጂነቱና በወሳኝነቱ ትመዝናለች። እዚህ ያለው ልዩነት ቬርሞንት አንድ ክፍለ ግዛት መሆኗ ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ክፍለ ግዛት፣ አንድ የፌደራል ከተማና የፌደራል ፓርክ አለ።

ገና ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ዝናቡ ራሱ ነው። በዚህ አካባቢ ቱቦና ድልድይ የሚነደፍበት የዝናብ ሠንጠረዥ፣ አትላስ 14 የሚባለው፣ በ2004 የወጣ ነው፤ የቆመው ያለፈው ዝናብ የወደፊቱን ይመስላል በሚል ግምት ላይ ነው። በ2008 ሳይንስ መጽሔት ላይ እነ ሚሊ ይህ ግምት ሞቷል ብለው ጻፉ፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ተቀብለውታል። በምን ይተካ በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዳንዶች የአየር ንብረት ሞዴሎችን ውጤት በቀጥታ ወደ ንድፍ እናስገባ ይላሉ፤ ሌሎች ሞዴሎቹ የአንድ ሰዓት ድንገተኛ ዝናብን በሚገባ አይይዙም፤ በተጋነነ ቁጥር የሚነደፍ ቱቦ ለሌላ ሦስት ቱቦ የሚበቃውን ገንዘብ ይበላል ብለው ይሞግታሉ። ሁለተኞቹ ስለ አንድ ሰዓቱ ዝናብ ያላቸው ጥርጣሬ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእሱ የሚከተለው የድሮውን ሠንጠረዥ ይዞ መቀመጥ አይደለም። መንገዱን በብዙ የዝናብ መጠን ፈትኖ በየትኛው ላይ ሰፈሩ እንደሚቆረጥ ማወቅ የትኛው ዝናብ እንደሚመጣ በትክክል ሳይታወቅም ይቻላል። እየተዘጋጀ ያለው አትላስ 15 የወደፊቱን ለውጥ ይጨምራል፤ ክርክሩ ግን በእሱም የሚዘጋ አይመስልም።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ነው። የሕክምና መድኃኒት በታማሚ ላይ ተፈትኖ ነው የሚጸድቀው፤ የጎርፍ ተጎጂነት ካርታ ግን ከታተመ በኋላ በሚቀጥለው ዝናብ ትክክል ነበር ወይ ተብሎ የሚመረመርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ ተዘጋ የሚለው በአንድ ቦታ አይመዘገብም። ፖሊሱ ማገጃ አቁሞ ያነሣል፤ የካውንቲው ሠራተኛ ፍርግርጉን ጠርጎ ይሄዳል፤ አውቶቡሱ አቅጣጫ ይቀይርና ይመለሳል። ሦስቱም በየራሳቸው መዝገብ ይጽፋሉ፤ አንዳንዱም አይጽፍም። በመንገድ ዳር የውሃ ከፍታ መለኪያ መትከልና አሽከርካሪዎች በስልካቸው የሚልኩትን ሪፖርት መጠቀም ከፊሉን ይሞላል፤ ሆኖም መለኪያው የሚተከለው ችግሩ በታወቀበት ቦታ ነው፤ ሪፖርቱም የሚመጣው ብዙ መኪና ካለበት። በሌሊት አንድ አውቶቡስ ብቻ የሚያልፍበት መንገድ በሁለቱም አይታይም። ከስድስት ሜትር በታች ያሉት ካልቨርቶች በአንድ የጋራ መዝገብ እስኪሰፍሩ፣ የመንገድ መዘጋትም ማንም ይዝጋው ማን በአንድ ቅጽ እስኪጻፍ ድረስ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የትኛው ሰፈር በትክክል እንደሚቆረጥ የሚነግሩን ሞዴሎች ከእውነቱ ጋር የሚመዘኑበት ሚዛን አይኖራቸውም፤ ሁለቱም ሥራዎች ደግሞ ከአንድ ትልቅ ቱቦ ግንባታ እጅግ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው።